ሚዛን ላይ ያወጣሁት ፓወር ባንክ

ሐይቅ_ዳር | ሐዋሳ | ሰኞ ማታ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ሥራዬ ከኤሌክትሮኒክስ ጋር አይገናኝም። ቀን ቀን ሒሳብ ክፍል ነው የምውለው። ማታ ግን ሌላ ሰው ነኝ። ቻርጀር፣ ገመድ፣ ፓወር ባንክ፣ ኢርፎን፣ ሚሞሪ፣ ምን አለፋችሁ፣ ባትሪ የሚበላ ነገር ሁሉ እጄ ይገባል። እገዛለሁ፣ እለካለሁ፣ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ባለቤቴ «የሰው ባል ኳስ ያያል፣ የኔው ቻርጀር ያያል» ትላለች።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሰፈራችን መብራት ሁለት ቀን ጠፋ። ፓወር ባንክ ፍለጋ ፒያሳ ወጣሁ። አንድ ሱቅ ስገባ ልጁ ከመስታወቱ ሥር የሚያብረቀርቅ ነገር አወጣልኝ። 30000 ኤምኤኤች (ሚሊ አምፒር ሰዓት፣ ባትሪው ምን ያህል እንደሚይዝ የሚነግረው ቁጥር)። ፐርሰንቱን የሚያሳይ ስክሪን አለው፣ የእጅ ባትሪ አለው፣ አራት አጫጭር ገመድ ከጎኑ ተንጠልጥሏል። «ኦሪጅናል ነው?» አልኩት። «ኦሪጅናል ነው ጋሼ» አለኝ። የምን ኦሪጅናል ብዬ አልጠየቅኩም።

1,900 ብር ከፍዬ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብዬ በእጄ ከፍ ዝቅ ሳደርገው ሆዴ ፈራ። ቀለለኝ። ቤት እንደደረስኩ የእህቴን የኬክ ሚዛን ተዋስኩ። 238 ግራም።

ለምን እንደፈራሁ ላስረዳ። የፓወር ባንክ ክብደት ማለት በአብዛኛው የባትሪው ክብደት ነው። ብዙዎቹ ሆድ ውስጥ የሚገኘው ክብ ባትሪ 18650 ይባላል። ስሙ ልኩ ነው፤ ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር። አንዱ ፍሬ 45 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ከጥሩ አምራች ቢመጣ እንኳ የሚይዘው ከ3500 ኤምኤኤች ብዙም አያልፍም። ርካሹ 2000 ቢይዝ ነው። እንግዲህ መካከለኛውን፣ 2500 የሚይዘውን እንውሰድ። 30000 ለመሙላት 12 ፍሬ ያስፈልጋል። 12 ጊዜ 45፣ 540 ግራም። ሽፋኑና ቦርዱ ሳይቆጠር ማለት ነው። ጠፍጣፋ ባትሪ የሚጠቀሙትም ከዚህ ሒሳብ ብዙ አያመልጡም። የኔው ከነሽፋኑ፣ ከነገመዱ፣ ከነእጅ ባትሪው 238!

ከዚያ ሜትሬን አመጣሁ። ሜትር የምላችሁ ጣት የምታህል፣ በፓወር ባንኩና በገመዱ መሃል የምትሰካ ነገር ናት። ቮልቱን ታሳያለች፣ አምፒሩን ታሳያለች፣ በጠቅላላው ምን ያህል እንደወጣ ትቆጥራለች። ፓወር ባንኩን ሙሉ አድርጌ በ5 ቮልት እስኪነጥፍ ድረስ አወጣሁት። 4,900 ኤምኤኤች። ሠላሳ ሺህ ተብሎ አምስት ሺህ እንኳ አልሞላም።

አሁን ደግሞ ሌላውን ስሙ። ከዓመት በፊት የገዛሁት 20000 የሚል አለኝ። 430 ግራም ነው። ስለካው 12,700 ሰጠኝ። «ታዲያ ይሄም ዋሽቷላ!» የሚል ሰው ይኖራል። አልዋሸም። 20000 የሚለው ባትሪው ውስጥ ያለው ነው፤ በ3.7 ቮልት ተቆጥሮ። ከዩኤስቢው የሚወጣው ግን 5 ቮልት ነው። ቮልቱ ከፍ ሲል ኤምኤኤቹ ዝቅ ይላል። 20000ን በ3.7 አባዙና ለ5 አካፍሉት። 14,800 ይመጣል። ከዚያ ላይ ቮልቱን የሚያሳድገው ቦርድ በሙቀት መልክ የሚበላው አለ፤ ከመቶ 10 እስከ 15 እጅ። ስለዚህ ከ20000 ላይ 12 ወይም 13 ሺህ ካገኛችሁ ጤነኛ ዕቃ ገዝታችኋል። የታመኑት አምራቾች ይህንኑ ከጀርባ በደቃቅ ፊደል ይጽፉታል። እኔ ፊት ለፊት ያለውን ትልቁን ቁጥር ማየት ከተውኩ ቆየሁ። መጀመሪያ ገልብጬ ጀርባውን ነው የማነበው። ጀርባው ባዶ ከሆነ አልገዛም።

ዕቃውን ይዤ ተመለስኩ። ሚዛኑንም ይዤ። ልጁ ሚዛኑን ሲያይ በሳቅ ሞተ። «ጋሼ፣ ፓወር ባንክ በኪሎ አይሸጥም!» አለኝ። ብሬን አልመለሰልኝም። ሁለት ገመድ ጨምሮ ሸኘኝ። ገመዶቹም የራሳቸው ታሪክ አላቸው።

እናንተ ስትገዙ ምን ታያላችሁ? በተለይ እዚህ ሐዋሳ ያላችሁ።


የአቶቴ_ልጅ | ሐዋሳ | ሰኞ ማታ 3፡42

ብሮ፣ ሥራ ፈተህ ነው እንዴ? 😂 ሚዛን ይዘህ ሱቅ? ሰውየው እውነቱን ነው፣ በኪሎ አይሸጥም።

እኔ 50000 የሚል አለኝ። በ1,500 ብር። ስልኬን ቻርጅ ያደርጋል፣ አለቀ። ስድስት ወር ካገለገለኝ ገንዘቤን መልሷል። ኑሮ ራሱ ራስ ያዞራል፣ እኔ ስለ 3.7 ቮልት የማስብበት ጊዜ የለኝም።


ሐይቅ_ዳር | ሐዋሳ | ሰኞ ማታ 3፡55

የአቶቴ ልጅ፣ 50000 ካልከኝ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ስልክህን ስንት ጊዜ ይሞላልሃል? 50000 እውነት ቢሆን አንድ 5000 ባትሪ ያለውን ስልክ ሰባት ጊዜ አካባቢ መሙላት አለበት። ቁጠርና ንገረኝ።

ሌላም ነገር። 50000 ማለት 185 ዋት ሰዓት ነው፤ ዋት ሰዓት ባትሪው የያዘው ጠቅላላ ኃይል መለኪያ ነው። አውሮፕላን ላይ ያለ ፈቃድ ይዘህ መግባት የምትችለው እስከ 100 ዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ እሱም በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይደለም። ደህና ደህና አምራቾች 26800 ላይ ቆመው የምታያቸው ለዚህ ነው። 26800 በ3.7 ተባዝቶ ለ1000 ሲካፈል 99 ዋት ሰዓት ይሆናል። ገደቧን ታክከው ነው የሚሠሩት። ስለዚህ አንተ ወይ በጣም ትንሽ ባትሪ ይዘሃል፣ ወይ ኤርፖርት ላይ የሚያስቆምህ ዕቃ ይዘሃል።


የአቶቴ_ልጅ | ሐዋሳ | ሰኞ ማታ 4፡01

አንድ ጊዜ እንኳ አይሞላውም። ሳይጨርስ ይጠፋል 😶


የአዳማ_ሙቀት | አዳማ | ማክሰኞ ጠዋት 1፡30

ሰላም የሐዋሳ ሰዎች። እናንተ ሐይቅ አላችሁ፣ ነፋስ አላችሁ። እኛ አዳማ ነፋሱ አለን፣ ግን ሙቀቱ ያሸንፈዋል።

እኔ ባጃጅ እነዳለሁ። ስልኬ ፊት ለፊቴ መስታወቱ ሥር ተሰቅሎ ነው የሚውለው። ቻርጅ ላይ ሆኖ ሙዚቃ ያጫውታል፣ ደንበኛ ይደውላል። በመጋቢት በሚያዝያ ስትነኩት ያቃጥላል። ስምንት ወር ሳይሞላው ባትሪው አብጦ የጀርባ ሽፋኑን ገፍቶ አወጣው። ጓደኞቼ «ፋስት ቻርጅ ነው የገደለው» አሉኝ። እውነት ነው? አሁን የገዛሁትን ስልክ ፋስት ቻርጁን አጥፍቼ ነው የምጠቀመው። ግን ለመሙላት ሦስት ሰዓት እየፈጀ ሥራ አስፈታኝ።


ሐይቅ_ዳር | ሐዋሳ | ማክሰኞ ምሳ ሰዓት

ወንድሜ፣ ፋስት ቻርጁን አብራው። ጥፋተኛው እሱ አይመስለኝም።

ሊትየም ባትሪ ሁለት ነገር አይወድም። አንዱ ሙቀት ነው። ሁለተኛው 100 ፐርሰንት ሞልቶ ለረጅም ሰዓት መቆየት ነው። ያንተ ስልክ ሁለቱንም ባንድ ላይ ቀኑን ሙሉ ይቀምሳል፤ ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ፣ ሞልቶ፣ አሁንም ቻርጅ ላይ። አፕል ለስልኮቹ በሚሰጠው መመሪያ ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ አካባቢ ተጠቀሙ ይላል። የባጃጅ መስታወት ሥር በሚያዝያ 35ን የሚያልፈው ገና ከረፋዱ ነው። ፋስት ቻርጅም ሙቀት ይጨምራል፣ አልክድም። ግን ስልኩ ራሱ ሲሞቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሊሞላ ሲቃረብም ይቀንሳል። የሚጎዳህ የግማሽ ሰዓቱ ፍጥነት ሳይሆን ቀኑን ሙሉ የሚውልበት ፀሐይ ነው።

እኔ ባንተ ቦታ ብሆን ስልኩን ከመስታወቱ አንሥቼ ጥላ ወዳለበት ዝቅ አደርገዋለሁ። ወፍራሙን የጎማ ኬዝ ቢያንስ ቻርጅ ሲደረግ አወልቀዋለሁ። ቅንብሩ ውስጥ «80 ላይ አቁም» የሚል ካለው አበራዋለሁ። ብዙ አዳዲስ ስልኮች አላቸው። ቤት ስትገባ በሌሊት ቀዝቀዝ ሲል ሙላው።

ያበጠውን ባትሪ ምን አደረግከው? ቤት ውስጥ ካለ አትወጋው፣ አትጫነው፣ ልጆች እጅ አይግባ።


ስልክ_ሠሪው | ሐዋሳ | ማክሰኞ ማታ 2፡15

ዝም ብዬ ላነብ ነበር፤ እጄ በላኝ።

እኔ ይሄን ሥራ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። የሐይቅ_ዳር ሚዛን ጥሩ ነው፣ ግን ሙሉ በሙሉ እንዳትተማመኑበት። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛ ከባድ ፓወር ባንክ አምጥቶ «አይሞላም» አለኝ። ከፈትኩት። ሁለት ቀጫጭን ባትሪ፣ ከዚያ በፕላስቲክ ቱቦ የታሸገ አሸዋ። አዎ፣ አሸዋ! ሰዎቹም ሚዛን እንዳላችሁ ያውቃሉ። ስለዚህ የቀለለ ከሆነ አትግዛ፣ የከበደ ከሆነ ደግሞ ጠርጥር 😀

አሁን ስለ ስልክ ምርጫ ልናገር፤ ሁልጊዜ «የትኛውን ስልክ ልግዛ?» ትሉኛላችሁ። ካሜራው ስንት ሜጋ ፒክስል ነው፣ ራሙ ስንት ነው ስትሉ ነው የምሰማው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ስክሪኑ ቢሰበር ሐዋሳ ውስጥ ይገኛል ወይ? ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ፣ የሳምሰንግ ኤ ተከታታይ፣ እነዚህ ስክሪናቸውም ባትሪያቸውም እዚሁ ይገኛል። እዚህ ባይገኝ ከመርካቶ በማግሥቱ በአውቶቡስ ይመጣል። ጓደኛችሁ ከውጭ ያመጣላችሁ ስሙን እንኳ ለማንበብ የሚያስቸግር ብርቅ ስልክ ግን አንድ ቀን ከወደቀ ያው ፎቶው ነው የሚቀራችሁ። ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ እንደዚህ ዓይነት አሥራ ሦስት ስልክ አለ። ባለቤቶቹ ስክሪን እየጠበቁ ነው። አንዱ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ያገለገለ የምትገዙ ደግሞ ሱቁ ውስጥ አትቸኩሉ። *#06# ደውሉ፤ 15 አሃዝ ያለው አይኤምኢአይ፣ ማለትም የስልኩ መለያ ቁጥር፣ ይመጣል። ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ይመሳከር። ሳምሰንግ ከሆነ *#0*# ስትሉ የሙከራ ገጽ ይከፈታል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያላችሁ ስክሪኑ ላይ ነጥብ ወይም ጥላ መኖሩን ታያላችሁ። ደውላችሁ አውሩበት። ቻርጀር ሰክታችሁ ገመዱን ነቅነቅ አድርጉት፤ ከተቋረጠ አፉ ተበልቷል። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ ነው። ሻጩ አምስት ደቂቃ ካልታገሠ መልሱን አግኝታችኋል።

በነገራችን ላይ ግማሹ «ቻርጅ አይቀበልም» ብላችሁ የምታመጡት ስልክ ችግሩ የኪስ ብናኝ ነው። በእንጨት ስቴኪኒ ሁለት ደቂቃ ይጸዳል። ስልኩን አጥፍታችሁ፣ ቀስ ብላችሁ። በመርፌ አይሆንም።

እና እባካችሁ፣ ውኃ የገባበት ስልክ ጤፍ ውስጥ አትክተቱ። ሩዙን እንኳ አፕል ራሱ አታድርጉ ብሏል። ፍቅር ሐይቅ ላይ ፎቶ ሲነሣ ስልኩ ውኃ ውስጥ የወደቀበት አንድ ልጅ ጤፍ ውስጥ ከትቶ ሌሊቱን አሳደረውና አመጣልኝ። የቻርጀሩ አፍ በጤፍ ተጠቅጥቋል። እርጥብ ጤፍ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። እንጀራ ሊወጣው ምንም አልቀረው።


የአዳማ_ሙቀት | አዳማ | ማክሰኞ ማታ 2፡40

😂😂 እንጀራ! ያበጠውን ባትሪ እዚህ ለስልክ ሠሪ ሰጥቻለሁ። ስልኩንም ዛሬ ከመስታወቱ አንሥቼዋለሁ። ደንበኞች ሲደውሉ ለማየት አንገቴን መስበር ሆነብኝ እንጂ ቀዝቅዟል።


ካሜራ_ያዥዋ | ሐዋሳ | ረቡዕ ከሰዓት

እናንተ ስለ ፓወር ባንክ ታለቅሳላችሁ። እኔ የሰው ሠርግ ነው የጠፋብኝ።

ሐይቅ ዳር ሠርግና ምርቃት ፎቶ አነሣለሁ። ነገሩ ከደረሰብኝ ሁለት ዓመት ገደማ ሆኖታል። 256 ጊጋ የሚል ሚሞሪ በጥሩ ዋጋ አገኘሁ። ካሜራው 256 ብሎ አነበበው። ቀኑን ሙሉ አነሣሁ። ካሜራው ላይ ሳይ ሁሉም ያለ ይመስላል። ቤት መጥቼ ላፕቶፕ ላይ ስገለብጥ ጠዋት የተነሣው የሙሽራዋ ቤት ቆሟል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ግራጫ ነው። ኬኩ የለም፣ ሽማግሌዎቹ የሉም፣ የሙሽራው እናት የለችም። ምን ብዬ እንደነገርኳቸው አትጠይቁኝ። እስካሁን በዚያ ሰፈር ሳልፍ አንገቴን ደፍቼ ነው።

በኋላ ስማር ነው የገባኝ። ሚሞሪው ውስጥ ያለው እውነተኛ ቦታ 32 ጊጋ ነው። ግን ውስጡ ያለውን ትንሽ መቆጣጠሪያ ቺፕ «256 ነኝ» እንዲል አድርገው አስተምረውታል። 32ቱ ሲሞላ ካሜራው አያውቅም። መጻፉን ይቀጥላል፤ የሚጻፈው ግን የትም አይቀመጥም፣ ወይም የቀደመው ላይ ይደረባል። ክፋቱ ደግሞ ይሄው ነው፤ ወዲያው አይነግርህም። ዕቃው የሚክደው ስትፈልገው ነው።

አሁን ማንኛውንም አዲስ ሚሞሪ ወይም ፍላሽ ሳልፈትሽ ሥራ ላይ አላውልም። ዊንዶውስ ላይ ኤች2ቴስትደብልዩ የምትባል ትንሽ ነጻ ፕሮግራም አለች። ሊኑክስ የምትጠቀሙ ኤፍ3 የምትባለውን ፈልጉ። ሁለቱም አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት። ሚሞሪውን በፋይል እስከ አፉ ይሞሉታል፣ ከዚያ መልሰው አንብበው የጻፉት መኖሩን ያረጋግጣሉ። 256 ጊጋ በሰከንድ 20 ሜጋ ቢጻፍ ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ማንበቡ ሳይጨመር። ማታ ሰክቼ እተኛለሁ። መብራት ቢሄድ የላፕቶፑ ባትሪ ይይዘዋል። ይይዘዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።


ግቢ_ተማሪ | ሐዋሳ | ረቡዕ ማታ 1፡20

ካሜራ ያዥዋ፣ ልቤን ነው ያቆምሽው። እኔ ትናንት 64 ጊጋ ፍላሽ ገዝቼ ኮምፒውተር ላይ ስሰካው 59.6 ብቻ ነው የሚያሳየኝ። ተበላሁ ማለት ነው?


ካሜራ_ያዥዋ | ሐዋሳ | ረቡዕ ማታ 1፡34

አልተበላህም፣ ተረጋጋ። ፋብሪካው አንድ ጊጋ የሚለው አንድ ቢሊዮን ባይት ነው። ዊንዶውስ ግን በ1,024 እያባዛ ነው የሚቆጥረው። 64 ቢሊዮን በዚያ ሒሳብ 59.6 ይመጣል። ጤነኛ 64 ማለት ነው። ግን ፈትሸው። 64 ለማለትም ማስተማር ይቻላልና።


መምህር_ጡረተኛ | ሐዋሳ | ሐሙስ ጠዋት 4፡00

ለዚህ ውይይት ተሳታፊዎች በሙሉ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጽሑፋችሁን ልጄ አሳይታኝ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ፊዚክስ ሳስተምር ተማሪዎቼ ቮልትን እንዲህ ቢወዱት ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ትልቋ ልጄ ከአሜሪካ ስልክ ልካልኛለች። ቻርጀሩ ሁለት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ነው። ከዚህ በፊት ከዚያው የላከችልኝን የቡና መፍጫ ሶኬት ላይ በሰካሁ ቅጽበት ጭሶ ሞተ። ስለዚህ ፈርቼ ቻርጀሩን አልሰካሁትም። ሁለተኛ፣ ቤት ውስጥ ሦስት ገመድ አለ። በአንዱ ስልኩ በሁለት ሰዓት ይሞላል። በሌላው ሌሊቱን አድሮም አይሞላም። ሦስቱም በዓይን አንድ ዓይነት ናቸው። ምክንያቱ ምንድን ነው?


ሐይቅ_ዳር | ሐዋሳ | ሐሙስ ማታ 2፡30

ጋሼ፣ ሰላምታዎ ደርሶናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። መፍጫው ያሳዝናል።

የመፍጫው ምክንያት ቮልት ነው። አሜሪካ 120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ 220። ሞተር ያለው፣ የሚያሞቅ፣ የሚፈጭ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ለአንዱ ብቻ ነው የሚሠራው። የስልክ ቻርጀር ግን ሌላ ነው። አጉሊ መነጽርዎን ይዘው ቻርጀሩ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ያንብቡ። ኢንፑት ከሚለው ቀጥሎ 100-240 ካለ ለሁለቱም አገር ተሠርቷል። የሚያስፈልግዎ ጥርሱን የሚቀይረው ትንሿ መሰኪያ ብቻ ናት። 120 ብቻ የሚል ከሆነ እንዳይሰኩት። ላፕቶፕም እንዲሁ ነው።

ወደ ገመዱ ልምጣ፤ ቃል ገብቼ ነበር። ያ ልጅ የሰጠኝን ሁለት ገመድ ሜትሩ ላይ ሰካኋቸው። ያው ቻርጀር፣ ያው ስልክ። በራሴ ገመድ 2 አምፒር ያልፋል። በአንዱ ስጦታ 0.6 ብቻ አለፈ። ሁለተኛው ስልኩን ኮምፒውተር ላይ ጭራሽ አላሳወቀውም፤ ውስጡ የዳታ ሽቦ የለውም፣ ሁለት የኃይል ሽቦ ብቻ ነው ያለው። የመጀመሪያውን ቆርጬ አየሁት። ላስቲኩ ወፍራም ነው፣ ውስጡ ያለው መዳብ ግን የሹራብ ክር ያህል ነው። ጋሼ እንደሚያውቁት ሽቦ ሲቀጥን መቋቋሙ ይጨምራል፣ ሲረዝምም ይጨምራል። 5 ቮልት ከቻርጀሩ ቢነሣም ስልኩ ጋ ሲደርስ ቀንሷል። ስልኩ ደግሞ ቮልቱ ሲወርድ እያየ የሚስበውን ይቀንሳል። ስለዚህ ያ ሌሊቱን አድሮ የማይሞላው ገመድዎ ሲወፍር ላስቲክ ነው እንጂ መዳብ አይደለም።

ሜትር ከሌለ ቀላሉ ዘዴ ይህ ነው። ስልኩ 30 ፐርሰንት ላይ ሲሆን በአንዱ ገመድ 20 ደቂቃ ይሙሉት። ስንት እንደጨመረ ይጻፉ። በሌላ ቀን ከዚያው 30 ጀምረው በሌላው ይሞክሩ። ያነሰውን ገመድ ወስደው የማይቸኩል ነገር ላይ ያውሉት፤ ለሬዲዮ፣ ለእጅ ባትሪ።

አንድ ደስ የሚል ነገር፣ ገመድ መግዛት እየቀለለ ነው። አውሮፓ ከታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ አዲስ የሚሸጥ ስልክ ሁሉ ታይፕ ሲ ይሁን ብላለች። አይፎንም ከ15 ጀምሮ ወደዚያው ገብቷል። ስለዚህ አንድ ጥሩ ታይፕ ሲ ገመድ ዋጋውን ከፍሎ መግዛት አሁን ያዋጣል። ለአንድ ገመድ ደህና ብር ማውጣት የሚያሳፍራችሁ ካላችሁ፣ እኔ ከስልኬ ኬዝ ይልቅ ለገመዴ ነው የከፈልኩት።


ስልክ_ሠሪው | ሐዋሳ | ሐሙስ ማታ 2፡52

ጋሼ፣ እኔም አንድ ልጨምር። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ይንቀሉት። ቲቪውንም። ሲመለስ አንዳንዴ ከፍ ብሎ ነው የሚመጣው። ክረምት ላይ የሚመጣልኝ የተቃጠለ ቻርጀር ቁጥር ስፍር የለውም። መብራቱ ተመልሶ አምስት ደቂቃ ከረጋ በኋላ ይሰኩ። በነጻ የሚገኝ ስታቢላይዘር ይሄ ነው።


መምህር_ጡረተኛ | ሐዋሳ | ዓርብ ጠዋት 3፡15

100-240 ይላል። ሰካሁት፤ አልጨሰም። ባለቤቴ ግን ለማንኛውም ብላ የቡና ረከቦቷን አርቃ ነው የተቀመጠችው። አመሰግናለሁ።

የገመዱን ሙከራ ዛሬ ጀምሬያለሁ። ሰንጠረዥ አውጥቼለታለሁ።


የአቶቴ_ልጅ | ሐዋሳ | ዓርብ ማታ 1፡05

እሺ፣ እሺ፣ ተሸንፌያለሁ።

ዛሬ ከሥራ ስመለስ ሽንኩርት የምትሸጠዋን እትዬ «አንዴ ይችን መዝኚልኝ» አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «በኪሎ ስንት ልበልህ ልጄ?» አለችኝ። የቆሙት ሴቶች ሁሉ ሳቁብኝ። ሩብ ኪሎና ትንሽ ነው። ሃምሳ ሺህ ተብሎ!

ሐይቅ ዳር፣ በአንተ ሒሳብ ስንት መሆን ነበረበት?


ሐይቅ_ዳር | ሐዋሳ | ዓርብ ማታ 1፡20

2500 የሚይዝ ባትሪ 20 ፍሬ። ባትሪው ብቻ 900 ግራም። ኪሎ ለመሙላት ትንሽ ነው የሚቀረው። ኪስህ ይቀደድ ነበር።

እትዬን ሰላም በልልኝ።


ስልክ_ሠሪው | ሐዋሳ | ዓርብ ማታ 1፡31

ነገ አምጣው። ልክፈተው። ሒሳብ የለውም፣ ማየት ፈልጌ ነው። ሐይቅ ዳርም ሜትሩን ይዞ ይምጣ። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ሱቅ ቀለል ይላል።


የአቶቴ_ልጅ | ሐዋሳ | ቅዳሜ ማታ 2፡10

ከፈትነው። አሸዋ የለም፣ ቅር አለኝ 😂 አራት ክብ ባትሪ ነው ያለው። አንዱ ጭራሽ አልተገናኘም፤ ሽቦው ሳይበየድ ነው የወጣው። ስልክ ሠሪው ሦስቱን ለካቸው፤ ከ1,200 የሚበልጥ የለም። አንድ ሰው ተጠቅሞባቸው የጣላቸው ሳይሆኑ አይቀሩም፣ አዲስ ላስቲክ ለብሰዋል። ያልተገናኘውን በየደውና መልሶ ገጠመው። አሁን ስልኬን ከበፊቱ የተሻለ ይሞላል። በሕይወቱ እንዲህ ሠርቶ አያውቅም።

ከላዩ ላይ 50000 የሚለውን በማርከር ሰርዤ 4800 ጽፌበታለሁ። ሐይቅ ዳር «5 ቮልት ላይ ሲወጣ ሦስት ሺህ ነው፣ እሱንም ጻፍ» ብሎ ቆሞ አስጻፈኝ።


ካሜራ_ያዥዋ | ሐዋሳ | ቅዳሜ ማታ 2፡25

ፎቶ ሳታነሡት ከፈታችሁት? ሌላ ጊዜ ጥሩኝ እንጂ። የተፈተሸ ሚሞሪ አለኝ።